ለእህቴ ሠርግ ምንሽር ፍለጋ

ጠመንጃ ቤት ለመግባት መጀመሪያ ደወል ይደወላል። በሩ ዝግ ነው፤ ከላይ ካሜራ አለ፤ ካሜራው ፊታችሁን ትንሽ ካጠና በኋላ በሩ ጥዝዝ ብሎ ይከፈታል። ይህን የምነግራችሁ እንደ ባለሙያ ነው። ዕድሜዬ ገና አሥራ ስድስት ቢሆንም አንድ ጊዜ በእግሬ ገብቼ በፖሊስ ታጅቤ ወጥቻለሁ። ከክፍሌ ልጆች መካከል እዚህ ደረጃ የደረሰ የለም። በሥራ ዓለም ቀደምኩ የምትለው አንዷ እንኳ አይስክሬም ቤት ነው የምትሠራው።

እዚያ ምን ወሰደሽ ካላችሁ፣ አባቴ ወሰደኝ። አባቴ በደቾች አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ አረጋውያንን በሚንከባከብ ቤት ይሠራል። ገር ሰው ነው። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ "አይሆንም" የምትለዋ ቃል ከአፉ አትወጣም። ስልክ ደውለው ኢንተርኔት ለሚሸጡ ሰዎች እንኳ "እሺ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው" ስለሚላቸው፣ ቤታችን በአንድ ወር ሁለት ዓይነት ኢንተርኔት ገብቶለት ያውቃል። ሁለቱም አይሠሩም ነበር።

ታላቅ እህቴ ሀያት ዲመን የሚባል ከተማ የሚኖረውን አንዋርን ልታገባ ስትቆርጥ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። አዳራሹ፣ ቀሚሱ፣ ኬኩ እንዳላችሁ ይሁን፣ ዱዓ የሚያደርግልኝ ግን አባባ ነው አለች። አባባ አያታችን ነው፣ የአባቴ አባት፤ ከደሴ ወዲያ ባለ ገጠር የሚኖር፣ ከአህያ የሚበልጥ ነገር ተሳፍሮ የማያውቅ። አባቴ በቫይበር ደወለለት። አባባ ለመምጣት አላመነታም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

"ምንሽሬን አውሮፕላኑ ላይ ያስገቡልኛል?"

እንግዲህ "አይሆንም" ማለት የሚችል ሰው እዚህ ላይ ይላል። አባቴ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እሱን አያስቡ አባባ። እዚህ ሁሉም ነገር አለ" አለ።

አባባ መጣ። ጊዜው የዓለም ዋንጫ ሰሞን ስለነበር፣ ላክ የሚባለው ሰፈራችን ከመስኮት መስኮት ለአገሩ ቡድን ብርቱካናማ ባንዲራ ተወጥሮበታል። አባባ ከጣቢያ ወደ ቤት ስንሄድ ቆም ብሎ ቀና አለ።

"ይኼ ሁሉ ለሀያት ነው?"

"አዎ አባባ" አለ አባቴ።

አሥራ ስድስት ሚሊዮን ሕዝብ ለሀያት ባንዲራ እንደሰቀለ የተነገረው ሰው፣ ያንኑ ማታ እራት በልቶ እጁን ታጥቦ፣ "መሣሪያውንስ መቼ ነው የምናየው?" ብሎ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ቴሌቪዥኑን አየ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእነ አባባ አገር ልጅ ስትዳር የቤቱ ትልቅ ሰው ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ከዚያ ነው ዱዓው። ጥይቱ ካልተሰማ ዱዓ የለም፤ ሠርጉም እንግዳ ተጠርቶ ሥጋ የተበላበት ቀን ነው እንጂ ሠርግ አይባልም። ሀያት ይህን ስትሰማ ገና ያልተከፈለበትን ቀሚሷን አቅፋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ "የአባባ ዱዓ፣ የአባባ ዱዓ" ስትል ከርማለች፤ ዱዓው ከነመሣሪያው እንደሚመጣ የነገራት የለም።

"አባባ፣ አንተ ዝም ብለህ ዱዓ ብታደርግላትስ?" አልኩት።

"አንቱ በይ" አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

"አንቱ ዝም ብለህ ዱዓ ብታደርግላትስ?"

አባባ ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ።

አባቴ ማታውን ሲያስብ አድሮ ዘዴ አመጣ። ዘዴው የፈሪ ዘዴ ነው፤ ግን ከፈሪ ዘዴዎች መካከል ምርጡ ነው። አባባን ጠመንጃ ቤት እንወስደዋለን፤ ባለሱቁ አይሸጥም ይለዋል፤ አባባም እምቢታውን ከፈረንጅ አፍ ይሰማል። አባቴ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ዴን ሃግ ውስጥ የሚያውቀን ሰው እንዳያየን ደግሞ ሮተርዳም እንሄዳለን። አስተርጓሚ እኔ ነኝ። "የአንቺ ደችኛ ከእኔ ይሻላል" አለኝ። በዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ደችኛው የሚጠፋበት ልክ አስቸጋሪ ነገር ሲመጣ ነው።

ሱቁ በር ላይ አወረደንና፣ "እናንተ ግቡ፣ እኔ መኪና ማቆሚያ ፈልጌ እመጣለሁ" አለ። መንገዱ በግራም በቀኝም ባዶ ነበር። አንድ ብስክሌት እንኳ አልቆመም።

አባባ ለዚያ ቀን ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ኩፊያውን አድርጎ፣ ከዘራውን ይዟል። ደወልን፤ ካሜራው አየን፤ በሩ ጥዝዝ አለ። እኔ ጠመንጃ ቤት ጨለም ያለ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ያሉበት ይመስለኝ ነበር። ውስጡ የጫማ ሱቅ ነው የሚመስለው። ካልሲ አለ። አረንጓዴ ኮፍያ አለ። አንድ ሰውዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የአደን ቦቲ ይለካል፤ አንዱ እግሩ ባዶ ነው። ጠመንጃዎቹ ከባንኮኒው ኋላ በሰንሰለት ታስረው ተደርድረዋል። ባለሱቁ በር የሚያህል ቁመት ያለው፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው።

"እንደምን ዋልክ" አለው አባባ። "ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች? ከብቱስ?"

"ደህና ዋልክ ይላል" አልኩ በደችኛ። ከብቱን ዘለልኩት።

"ምን ልርዳችሁ?"

"ምንሽር አለህ ወይ በይው" አለ አባባ።

"ሱቅህ ደስ ይላል ይላል" አልኩት።

ባለሱቁ ደስ አለው፤ አመሰገነ። አባባ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "አለኝ አለ?" አለ።

"እያሰበ ነው።"

ባለሱቁ የትኛው የተኩስ ክለብ አባል ነው፣ የፖሊስ ፈቃዱ የታል፣ ብሎ ጠየቀ። እዚህ አገር ጠመንጃ ለመግዛት ክለብ መግባት፣ እዚያ መመላለስ፣ ጠባይህ ተመርምሮ ፈቃድ መጠበቅ አለ። ለአባባ፣ "ከማን ጋር ነው የምትተኩሰው ይልሃል" አልኩት።

"ከማን ጋር? ብቻዬን ነዋ። ጅብ ሲመጣ ጎረቤት ቀጥሬ ልጠብቅ ነው?"

"ክለብ የለውም" አልኩ ለባለሱቁ።

"ታዲያ ጠመንጃ ለምን ይፈልጋል?"

"ሠርግ አለብን በይው" አለ አባባ፣ ጥያቄው ሳይተረጎምለት ገብቶት።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? "አያቴ አስቸኳይ ጠመንጃ ይፈልጋል፣ ቅዳሜ ሠርግ አለብን" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ ብታስቀምጡት መጨረሻው ቴሌቪዥን ላይ ነው። ስለዚህ፣ "ታሪክ ይወዳል" አልኩት።

የባለሱቁ ፊት በራ። መነጽሩን አደረገ። "የትኛውን ዘመን?"

"አባባ፣ ከየትኛው ዘመን ነው የምትፈልገው ይላል።"

"ከሚተኩሰው ዘመን።"

"ዘመን አይመርጥም" አልኩ።

ባለሱቁ ጓዳ ገብቶ አንድ ረጅም፣ እንጨቱ የወዛ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ይኼ ፈቃድ አይጠይቅም፣ እንዳይተኩስ ተደርጓል፣ ሰው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል አለኝ። ይህን ለአባባ ልተረጉም አፌን ስከፍት፣ ጠመንጃው አባባ እጅ ላይ ደርሷል።

እኔ አባባን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። በሁለት እጁ ነው የተቀበለው፣ አራስ ልጅ እንደሚቀበሉ። ሰደፉን ዳበሰ። አፈሙዙን አሸተተ። ክብደቱን ለመለካት ከፍ ዝቅ አደረገው። ከአውሮፕላን ከወረደ ጀምሮ ጎብጦ የነበረው ጀርባው ቀጥ አለ። ከዘራውን ለእኔ ሰጠኝ።

እነ አባባ አገር አንድ ወንድ መሣሪያ ሲጨብጥ ዝም ብሎ "ስንት ነው?" አይልም። ነውር ነው። መጀመሪያ ማንነቱን ያስታውቃል።

"ዘራፍ" አለ አባባ።

ባለሱቁ ዋጋ የተናገረ መስሎት ወደ እኔ ዞረ። አባባ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ጠመንጃውን ከራሱ በላይ አንስቶ፣ ከካልሲው መደርደሪያ እስከ ኮፍያው መደርደሪያ በአንድ ትንፋሽ ተንደረደረ።

"ዘራፍ፣ እኔ የሀሰን ልጅ፣
ጅብ የማላስደፍር ከደጅ"

ከኮፍያው ጋ ተመልሶ ደግሞ ወደ ካልሲው። ድምፁ መስታወቱን አነዘረው። ኮፍያዎቹ ረገፉ። ቦቲ ይለካ የነበረው ሰውዬ በባዶ እግሩ አግዳሚው ሥር ገባ፤ ከሥር ስልክ ሲደውል ተሰማኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ከዘራውን ይዤ ፈገግ እያልኩ፣ "ታሪክ በጣም ይወዳል" አልኩ።

አባባ ሲያበቃ፣ ባለሱቁ አፉን ከፍቶ ቆይቶ ቆይቶ አጨበጨበ። አባባ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አሁን ወደ ሥራው ገባ። የጠመንጃውን መዝጊያ ሳበ። አልሳብ አለው። አፈሙዙን ወደ መብራቱ አቅንቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

"ተሰልቧል" አለኝ።

"ምን?"

"ጠመንጃውን ሰልበውታል። ውስጡን ደፍነውታል። ለምን አድርገው ይሆን በይው።"

ይህችን በታማኝነት ተረጎምኩ፤ ባለሱቁ እስኪያስለው ሳቀ። ጥሩነቱ ምንም ችግር አያመጣም፣ መቼም አይከሽፍም አለ። ይህንንም ተረጎምኩ።

"የማይከሽፍ ከሆነ መሣሪያ አይደለም" አለ አባባ፣ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ በቀስታ እያስተኛ። "መሣሪያ የሚባለው አንዳንድ ቀን ሰው ፊት የሚያዋርድህ ነው።"

ደወሉ ጮኸ። ሁለት ፖሊሶች ገቡ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ እጃቸው ወገባቸው ላይ። ባለሱቁ እጁን እያወዛወዘ፣ ምንም የለም፣ ሽማግሌው ዘፈነ እንጂ ምንም አላደረገም አለ። አግዳሚው ሥር ያለው ሰውዬ፣ ዘፈን አይደለም፣ ጦርነት ነው ያወጀው አለ። ሴትዮዋ ፖሊስ ወደ እኔ መጣች።

"ምንድን ነው ያለው?"

"ጅብ በራችን አይደርስም ነው ያለው።"

"ጅብ?"

"ጅብ።"

"ሮተርዳም ውስጥ?"

"አይ፣ ወሎ ውስጥ።"

አባባ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብድግ ብሎ ተቀብሏቸዋል። "እነዚህ ማናቸው?" አለኝ።

"ፖሊሶች ናቸው።"

"ለዋስነት ነው የመጡት?"

በእነሱ አገር መሣሪያ ያለ ዋስ አይገዛም፤ ሻጭም ገዥም ሰው ያቀርባሉ። የአባባ ዓይኖች በተስፋ ተሞልተው ያዩኛል። እኔስ የማን ልጅ ነኝ?

"አዎ አባባ" አልኩት።

አባባ ሁለቱንም በየተራ ጨበጣቸው። ትከሻ ለትከሻ ሊሳለማቸው ሲል ወንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በዚህ መሃል ውጭ የፖሊስ መኪና ያየው አባቴ፣ ስንት ጊዜ ሲፈልገው የነበረውን ማቆሚያ በቅጽበት አግኝቶ እየሮጠ ገባ። ሴትዮዋ ነገሩን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ምንሽሩ፣ ሠርጉ፣ ሦስቱ ጥይት፣ ሁሉም ወጣ። እሷም አስረዳችው፦ በዚህ አገር በሠርግ ላይ አይተኮስም፤ አንድ ጥይትም ቢሆን፤ ወደ ሰማይም ቢሆን። ስትናገር አባባን እያየች ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ያ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

አባባ ከዘራውን ከእጄ ወሰደ። ባለሱቁን "አላህ ይስጥህ" አለው። ፖሊሶቹ እስከ መኪናው ሲሸኙን ጀርባው ተመልሶ ጎብጧል።

አባባ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ተናገረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

"ልጄ፣ ጥይቱን ለጀብዱ መሰለህ የምወደው? ሰው እንዲሰማ ነው። ልጃችን ተደብቃ አልተዳረችም፣ ወገን አላት፣ ለማለት ነው። የአንተን ሠርግ እኮ እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። ያውም ከዓመት በኋላ።"

አባቴና እናቴ የተጋቡት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው፤ በሠርጋቸው ላይ የተሰማው ድምፅ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ብቻ እንደነበር እናቴ ትነግረናለች።

"ሀያትንም እንደዚያ ዝም ብዬ አልመርቅም" አለ አባባ። "ማንም ሳይሰማ የተባለ ዱዓ ከአፌ አይወጣልኝም።"

ቤት ስንገባ ሀያት የአዳራሹን ነጭ ፊኛዎች ከከረጢት ታራግፋለች። ፊታችንን አይታ አንዱን ፊኛ አንስታ ትነፋ ጀመር፤ ዕንባዋ እየወረደ ነው የምትነፋው፤ ፊኛው አብጦ አብጦ እጇ ላይ ፈነዳ። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ክዳን ጣለች። አባቴ "ያ አላህ" አለ።

አባባ ግን ቀና አለ። "እስቲ ድገሚው" አለ።

በጥይት ፈንታ ፊኛ የሚለው ሐሳብ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ቢላችሁ አትመኑ። አባባ መጀመሪያ፣ በፊኛ የሚጫወት ሕፃን ነኝ ወይ ብሎ ተቆጣ። ቀጥሎ ግን ፊኛው በደንብ ካልተነፋ ድምፁ እንደማያምር አመለከተ። በመጨረሻ፣ እኔ በከዘራዬ አነጣጥራለሁ፣ አንቺ ከመጋረጃ ኋላ ሆነሽ በመርፌ ትወጊያለሽ፣ ማንም እንዳያይሽ አለ። ዓርብ ማታ ሳሎን ውስጥ ተለማመድን። ከዘራውን ጥይት አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ "ዘገየሽ" አለኝ፤ እንደገና።

ቅዳሜ፣ ከሮተርዳም አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል የሚባል ከተማ ያለው አዳራሽ ሞልቷል። ኒካሁ ታሰረ። የዲመን ሽማግሌዎች የፊቱን ረድፍ ይዘዋል፤ እጃቸውን አጣጥፈው የወሎውን ሽማግሌ ይጠብቃሉ። እኔ ሦስት ፊኛና አንዲት መርፌ ይዤ መጋረጃ ውስጥ በላብ ተጠምቄያለሁ። አባባ መሃል ቆመ። ከዘራውን ወደ ጣሪያው አቀና።

ጧ። አዳራሹ ደነገጠ፤ ወዲያው እልልታው ፈነዳ። ከዘራውን መለስ አድርጎ እንደገና አጎረሰ። ጧ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኩፊያውን አነሳ። ሦስተኛውን አነጣጠረ። ወጋሁ።

ፉስስስ።

ከጠዋት ጀምሮ የተነፋ ፊኛ ነው፤ ለስልሶ ኖሯል። እንደ ሞተ ነገር እጄ ላይ ተንጠለጠለ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሀያትን አየኋት፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አባባ ግን ዓይኑን አላርገበገበም። ከዘራውን አወረደ፣ ጫፉን በጥንቃቄ አየው፣ መታ መታ አደረገው።

"ከሽፏል" አለ ለሕዝቡ።

የዲመን ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል። አንደኛው እንዲያውም፣ "እርጥበት ነው፣ የዚህ አገር አየር" አለ።

ሌላ ያልተነፋ ፊኛ ከኪሴ አውጥቼ በጥድፊያ ስነፋ በሩ ተከፈተ። ጎረቤት ደውሎ ኖሮ፣ ሁለት ፖሊሶች። ከካፔለና ከሮተርዳም ፖሊስ ሁሉ ተመርጣ የመጣችው ያቺው ሴትዮ ናት። አባቴ ወንበሩ ላይ አነሰ።

"ዋሶቼ መጡ" አለ አባባ። "ቦታ ልቀቁላቸው።"

ሴትዮዋ ከዘራውን አየች። ከዘራው እንጨት ነው። መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና እኔን አየች፣ ጉንጬ አብጦ ፊኛ አፌ ላይ። መሬት ላይ የወደቁትን ቁርጥራጮች በጫማዋ ነካ አደረገች። ወንዱ ፖሊስ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኬኩ ዞረ።

"አበቃ?" አለችኝ።

በፖሊስና በአባባ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። "አባባ፣ አበቃ ወይ ትላለች።"

"አንዲት ቀርታኛለች በያት። ያቺ ሳትተኮስ ልጅቷን አልመርቃትም።"

ይህንንም ቃል በቃል ነገርኳት። እሷ ሀያትን አየች። ሀያት ያንን ሶፋው ላይ ያቀፈችውን ቀሚስ ለብሳ ቆማ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ በሩን ከኋላዋ ዘጋችና፣ "እንግዲያው ቶሎ" አለች።

ፊኛውን ቋጠርኩ። አባባ አጎረሰ፤ አነጣጠረ፤ አልዘገየሁም።

ጧ።

ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘረጋ፤ ዱዓው ረጅም ነበር፤ ከወሎ ዝናብ ጀምሮ እስከ አንዋር እናት ጉልበት አንድም ነገር አልተረሳበትም። ፖሊሶቹም ሳይቀሩ ቆመው አሜን ብለዋል። ምን እንደሆነ አያውቁትም፤ ግን ብለዋል።

በማግሥቱ አባባ ወደ አገር ቤት ቫይበር አስደወለኝና ለታናሽ ወንድሙ የሠርጉን ወሬ ነገረው። ስለ ኬኩ አልተናገረም፤ ስለ አዳራሹም አልተናገረም።

"ተተኮሰ ወይ?" ሲል ሰማሁት ወንድሙን።

"ሦስቴ" አለ አባባ፣ ኩፊያውን እያስተካከለ። "አንዷ ከሽፋብኝ ደግሜያለሁ። ያውም መንግሥት አጠገቤ ቆሞ፣ ቶሎ በል እያለኝ።"